አሮጌዋ ፔጆና ሁለቱ ወንድማማቾች

ወንድማማቾችን የሚያጣላ መሬት ነው ሲባል እሰማ ነበር። እኔንና ታናሽ ወንድሜን ግን ያጣላን መሬት አልነበረም፤ ቤትም አልነበረም። ያጣላችን በግቢያችን ጥግ በቆርቆሮ ዳስ ሥር፣ ጎማዋ ተንፍሶ፣ ዘጠኝ ዓመት የቆመች አንዲት ፔጆ 404 ናት። ነገሩ ሲያወሩት ያስቃል፤ በራስ ላይ ሲደርስ ግን አያስቅም። ከመስከረም እስከ ኅዳር በአንድ ቤት እያደርን፣ በአንድ ገበታ እየቀረብን፣ ከሰላምታ በቀር አንዲት ቃል ሳንነጋገር ሰነበትን። ይህን የምጽፈው ወንድሜን ለመውቀስ አይደለም። የጥፋቱ ትልቅ ክፍል የኔ ስለሆነና፣ ከጠባችን ያገኘሁት አሳብ ለሌላም ወጣት ይጠቅም ይሆናል ብዬ ስላመንሁ ነው።

መኪናይቱ የአያታችን ነበረች። አያታችን በደብረ ብርሃን እህልና ቅቤ ይነግዱ ነበር፤ የገዟትም በ1958 ዓ.ም. ነው። ተራዋ የቤት መኪና አይደለችም፤ ኋላዋ እንደ ሣጥን ረዝሞ ሦስት ረድፍ ወንበር እንዲይዝ የተሠራ ስቴሽን ዋገን ናት። ፔጆ 404 ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1960 በፓሪስ ሲሆን፣ የአካልዋን ቅርጽ የነደፈው ፒኒንፋሪና የተባለው የኢጣልያ ድርጅት ነው። ስቴሽን ዋገኗ በ1962 ተከተለች። በፊትና በኋላ ጎማዋ መካከል ያለው ርቀት 2 ሜትር ከ84 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከተራዋ 404 በ19 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ባለ 1618 ሲሲው ሞተር ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ 45 ዲግሪ ያህል ወደ ጎን ጋደል ብሎ ተቀምጧል፤ ይህም ኮፈኑ ዝቅ እንዲል ይረዳል። ማርሹ የሚገባው ከመሪው ሥር ባለው ዘንግ ነው።

ጥንካሬዋን ለማስረዳት ብዙ መናገር አያስፈልግም። አቧራና ጭቃ በሚፈራረቁበት በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር፣ ፔጆ 404 በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 እ.ኤ.አ. አንደኛ ወጥታለች። በኛም አገር የሸዋን ዳገትና የበረሃውን ቁልቁለት የምታውቅ መኪና ነበረች። አባታችን በ1986 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ ታክሲ አደረጋት፤ የወላጆቻችን ጎጆ የቆመው በርሷ ገቢ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሞተሯ እምቢ ሲል አባታችን ዳስ ሥር አስገባት። «ጊዜ ሳገኝ አሠራታለሁ» ይል ነበር። ጊዜውን ሳያገኝ ሞተ። መኪናይቱም ለሁለታችን ቀረች።

አሁን የወንድሜን ነገር ልናገር። ወንድሜ የተፈተነው የ2014 ዓ.ም.ን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና ነው። ያን ፈተና በመላው ኢትዮጵያ ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበሩ አንባቢ ያስታውሳል። እርሱ ከቀሩት ወገን ነው። እኔ በዚያው ዓመት የማስተማር ሥራ ጀመርሁ። እርሱ አልተቀመጠም፤ አንድ ጋራዥ ገብቶ የላሜራ ሥራና ብየዳ ተማረ። እጁ የተባረከ ነው። የተጨማደደ ፓራፋንጎ ቀና አድርጎ ሲመልሰው ያየ ሰው፣ ብረቱ ከመጀመሪያውም ያልተነካ ይመስለዋል።

ባለፈው መስከረም ከዕቁብ የደረሰውን ገንዘብ ይዞ መጣና አሳቡን ነገረኝ። ጣራዋን ከፊተኛው ወንበር ወደ ኋላ ይቈርጠዋል። ሙሽራውና ሙሽራይቱ ቆመው እጃቸውን የሚያወዛውዙባት ክፍት መኪና ትሆናለች። ነጭ ቀለም ትቀባለች፤ ሰፋፊ ቸርኬ ይገባላታል፤ ከኋላ ትልልቅ የድምፅ ማጉያ ይተከልላታል፤ ያረጀው ሞተር ወጥቶ የቶዮታ ይገባል። ከዚያ ለሰርግ ትከራያለች። ሒሳቡን በደብተር ጽፎታል፤ የጥርንና የሚያዝያን ቅዳሜና እሑድ ሁሉ ቆጥሯቸዋል።

እኔ ደግሞ ሌላ ደብተር ነበረኝ። ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከወጣሁ ጀምሮ ስለዚች መኪና ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ የጥንት ሥዕሎቿን እሰበስባለሁ። አሳቤ ከፋብሪካ እንደ ወጣች ማድረግ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የነበራት የክሬም ቀለም፣ የዚያን ጊዜው ካርቡራቶር፣ ከዚያም ከረጅም ጊዜ በፊት የጠፋው ሦስተኛው የወንበር ረድፍ እንዲመለስላት እፈልግ ነበር። የዚያ ወንበር ዋጋ ከነማስመጫው ስንት ወር ደመወዜን እንደሚበላ አስቤዋለሁ፤ ቢሆንም ቁርጥ አሳቤ ነበር። ወንድሜን «አንተ የምትለው ማሳመር አይደለም፤ ማረድ ነው» አልሁት።

እርሱም ዝም ብሎ ሲያዳምጠኝ ቆየና፣ «አንተ ደመወዝ አለህ፤ ስለዚህ የድሮ ነገር ትወዳለህ። እኔ ደመወዝ የለኝም፤ የምወደው የነገን ነው» አለኝ።

ለዚህ ንግግር መልስ አልነበረኝም። መልስ ያጣ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። በማግሥቱ የመኪናይቱን ሊብሬ ከእናታችን ሣጥን አውጥቼ በትምህርት ቤት በሚገኘው ቁም ሣጥኔ ቈለፍሁበት። በሊብሬው ላይ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር ተጽፎአል፤ ያለ እርሱ ሞተር ለውጦ በሕግ መንገድ ላይ መውጣት እንደማይችል አውቃለሁ። ወንድሜ ሊብሬውን ሲፈልግ ሦስት ቀን ቤቱን ሁሉ ሲገለብጥ እያየሁ ምንም አላልሁም። በአራተኛው ቀን ገባው። አልጮኸም፤ አልሰደበኝም። መፍቻዎቹን ሰብስቦ ከግቢው ወጣ። ዝምታው የጀመረው ከዚያ ዕለት ነው።

ተማሪዎቼን ስለ እውነትና ስለ ፍርድ የማስተምር ሰው፣ በገዛ ወንድሜ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራቴ ሌሊት ሌሊት ያነቃኝ ጀመር። ቢሆንም «እኔ የምጠብቀው የአያቴን ቅርስ ነው» እያልሁ ራሴን አታለልሁ።

በጥቅምት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወደ ግቢያችን አመጣሁ። ጋሼ ይችን መኪና ከአባታችን ዘመን ጀምሮ ያውቋታል። አሳቤን ሁሉ አስረዳኋቸው፤ ሥዕሎቼንም አሳየኋቸው። ሲሰሙኝ ቆዩና ከኪሳቸው አንድ ሰንጢ አውጥተው በበሩ ጠርዝ በኩል ቀለሙን ቀስ አድርገው ፋቁት። ከላይ ቡኒ ነው፤ ከሥሩ የታክሲው ሰማያዊ ወጣ፤ ከርሱ ሥር ስቱኮ፤ ከስቱኮው ሥር ክሬም ታየ።

«እንግዲህ መምህር፣ ኦሪጅናል የምትለው የትኛውን ነው?» አሉኝ።

«የመጨረሻውን ነዋ፣ ጋሼ። ክሬሙን።»

«ክሬሙ አያትህን ያውቃል፤ አባትህን አያውቅም። አባትህ የሚያውቀው ሰማያዊውን ነው።» ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው ከፋብሪካው ያልሆነውን አንድ በአንድ ቈጠሩልኝ። ካርቡራቶሩ የሌላ መኪና ነው። የራዲያተሩ ቱቦ ከጭነት መኪና የተወሰደ ነው። የኋላው ሞላ ከአንዴም ሁለት ጊዜ ተለውጧል። «ይህ ሁሉ ባይለወጥ ኖሮ በ1975 በቆመች ነበር፤ አንተም የምትከራከርባት መኪና አታገኝም» አሉና ሰንጢያቸውን አጥፈው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን እንደገና አሰብሁት። በውነቱ መኪናን መለወጥ በኛ አገር የቅንጦት ሥራ ሆኖ አያውቅም። የአዲስ አበባ ሰው «ውይይት» ይለው የነበረውን ታክሲ እንመልከት። ከፋብሪካ ሲወጣ የዕቃ ማመላለሻ ፒካፕ ነበር። የኛ ባለሙያዎች በጀርባው ላይ ክዳን ሠሩለት፤ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች አስገቡለት። ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ መወያየቱ ስለማይቀር ስሙን ከዚያ አገኘ። ያ መኪና እንደ ፋብሪካው ይቈይ ቢባል ኖሮ፣ ስንት ሠራተኛና ተማሪ በእግሩ በሄደ ነበር! በኩባም እንዲሁ ነው። ከ1959 እ.ኤ.አ. አብዮትና ከአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ በኋላ የመለዋወጫ ዕቃ ስለ ጠፋ፣ የሃቫና መካኒኮች በአሜሪካ መኪኖች ውስጥ የሶቪየት ሞተር እያስገቡ እስከ ዛሬ ሲነዷቸው ኖረዋል። ሰው እነዚያን መኪኖች ለማየት ባሕር ተሻግሮ ይሄዳል፤ ሞተሩ የሌላ ነው ብሎ የሚመለስ ግን የለም።

በሌላው ወገን ደግሞ ቀላል ያልሆነ ክርክር አለ። በ1966 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአሮጌ መኪኖች ዓለም አቀፍ ማኅበር፣ ፊቫ የሚባለው፣ አንድን መኪና ታሪካዊ የሚለው ቢያንስ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው፣ በታሪክ ትክክለኛ በሆነ ሁኔታ ሲጠበቅና የዕለት ተዕለት መመላለሻ መሆኑን ሲተው ነው። ምክንያቱም ግልጥ ነው። የተቈረጠ ብረት አይመለስም። አንድ ዓይነት መኪና ሁሉ በየባለቤቱ አምሮት ከተቈረጠ፣ የሚቀጥለው ትውልድ የጥንት ሠራተኞች ምን አስበው እንደ ሠሩት የሚያይበት ምስክር ያጣል። እኔ እንደ መምህር ይህን ክርክር አከብረዋለሁ። ነገር ግን ይህ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. በተቀበለው የቱሪን ቻርተር፣ መኪና በሕይወቷ ዘመን ያገኘችው ለውጥም የታሪኳ ክፍል ሊሆን እንደሚችል ተመልክቶአል። ይህን ሳነብ የጋሼ ሰንጢ ትዝ አለኝ።

ልቤን የሰበረው ግን መጽሐፍ አልነበረም።

በኅዳር አንድ እሑድ፣ ወንድሜ ሳይኖር፣ የመኪናይቱን የኋላ ክፍል ማጽዳት ጀመርሁ። የጠፋው ሦስተኛ ወንበር በነበረበት ቦታ ላይ አንድ ወፍራም ላሜራ ተበይዶበታል፤ በግራና በቀኝም ሁለት ሁለት የብረት ቀለበቶች አሉ። ብየዳው ሸካራ ነው፤ ለዐይን ያስጠላል። ወንበሩን ስመልስ ይህን ሁሉ ማስቈረጥ ስላለብኝ በጠመኔ ምልክት አደርግ ነበር። ለአዲስ ዓመት መጥተው እኛው ጋ የሰነበቱት አያታችን ከበረንዳው ላይ ሆነው ያዩኛል።

«ምን ልትሠራ ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

«እመዬ፣ ይህ ላሜራ ከፋብሪካው ያልነበረ ነው። ላነሣው ነው።»

«ቀለበቶቹንም?»

«አዎን፣ እነሱንም።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያም በዝግታ ነገሩኝ። «አባትህን ሳምጥ ሁለት ሌሊት አለፈኝ። አያትህ የኋላውን ወንበር በዚያ ጨለማ ፈትተው ሜዳ ላይ ጣሉትና ፍራሽ አነጠፉልኝ። በጫጫ፣ በሸኖ፣ በአለልቱ አድርገን አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ስንደርስ ሊነጋ ነበር። መንገዱ ሲያንገጫግጭ እንዳልወድቅ ሁለት ሴቶች ይዘውኛል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባትህ ተወለደ። ስንመለስ አያትህ ወንበሩን መልሰው አላስገቡትም። ሰው የሚተኛበት ቦታ ይኑራት አሉ። ላሜራውን አስበየዱ፤ ቃሬዛ እንዲታሰርባቸው ቀለበቶቹን አስደረጉ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ወላድና በሽተኛ በርሷ ሲሄድ ኖረ። በነጻ ነው፤ ቤንዚኑን ስንኳ አይቀበሉም ነበር።»

እጄ ላይ የነበረው ጠመኔ የት እንደ ወደቀ አላውቅም። ስድሳ ዓመት ሊሞላት የተቃረበች መኪና ውስጥ፣ በፋብሪካው መጽሐፍ የማይገኝ፣ በሥዕሎቼም የማይታይ፣ ከሁሉ የሚበልጥ ነገር ነበር። እኔ ደግሞ «ኦሪጅናል» ለሚባል ቃል ስል በገዛ እጄ ላጠፋው ምልክት አደርግበት ነበር። ወንድሜን «ልታርዳት ነው» ብዬ ነበር፤ ቢላዋው ግን በኔም እጅ ነበረ። እርሱ ጣራዋን ለነገ እንጀራ፣ እኔ ወለሏን ለትላንት ሥዕል ልንቈርጥ ተነሣን። ከሁለታችንም አንድ ስንኳ፣ በመካከል የኖሩትን ሰዎች የጠየቀ አልነበረም።

ያን ዕለት ማታ ወንድሜ ሲመጣ በር ላይ ጠበቅሁት። የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ሰጠሁትና፣ «ሊብሬውን የደበቅሁት እኔ ነኝ፤ በድዬሃለሁ» አልሁት። «አውቃለሁ» አለ። ከዚያ ወደ መኪናይቱ ወስጄ ቀለበቶቹን አሳየሁትና እመዬ የነገሩኝን ነገርሁት። ጎንበስ ብሎ ብየዳውን በጣቱ ዳሰሰው። ባለሙያ ነውና መጀመሪያ የተናገረው ስለ ሙያው ነው፤ «መጥፎ ብየዳ ነው፤ ግን ሃምሳ ዓመት ያልፈታ ብየዳ ነው» አለ። ከዚያ ወዲያ ብዙ ተነጋገርን፤ እራታችንም ቀዘቀዘ።

ሦስት ደንብ አወጣንና በአንድ ወረቀት ላይ ሁለታችንም ፈረምን። አንደኛው፣ በብሎን የሚገባና በብሎን የሚወጣ ነገር ሁሉ ይግባ፤ በመጋዝ የሚቈረጥ ግን ምንም አይኑር። ሁለተኛው፣ ለሰው ሕይወት የሚያስፈልገው ነገር ያለ ክርክር ይሻሻል፤ ፍሬን፣ መብራት፣ የደኅንነት ቀበቶና ጎማ በጥንታዊነት አይመሰገኑም። ሦስተኛው፣ ከመኪናይቱ የሚወጣ ዕቃ ሁሉ ምን እንደሆነና መቼ እንደ ወጣ ተጽፎበት ይቀመጥ እንጂ ለቈራሌው አይሸጥ።

ወንድሜ ጣራዋን ሳይነካ፣ ከፖርቶመጋላው ጋር የሚታሰር የአበባ መደርደሪያ ከቀጭን ብረት ሠራ። የድምፅ ማጉያዎቹ ከወንበር ሥር ገቡ፤ ዳሽቦርዱ አልተበሳም። ለሚዜዎች የሚሆን አግዳሚ ወንበር ሠርቶ የሚያጠብቀው ደግሞ አያታችን ካስደረጓቸው ከአራቱ ቀለበቶች ጋር ነው። ቀለሙን በሚመለከት እኔ ክሬሙን፣ እርሱ ነጩን አልን። እናታችን «ሰማያዊ» አለች። ሰማያዊና ነጭ ሆነች፤ አባታችን እንደ ነዳት። በጥር አራት ሰርግ ሄደች።

ይሁን እንጂ ነገሩ ሁሉ በደስታ አለቀ ብዬ አንባቢን አላታልልም። አንድ ሙሽራ መጥቶ አያትና፣ «ጣራ የሌላት ነበር የምንፈልገው» ብሎ ሄደ። ወንድሜ የዚያን ዕለት ኪራይ አልረሳውም፤ አልፎ አልፎ ያስታውሰኛል፤ እውነቱንም ነው። ሞተሩም ገና አከራካሪ ነው። ቴስታታው ሁለት ጊዜ ተጠርቦአል፤ ሦስተኛ የሚጠረብ አካል የለውም ብለውናል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ ወንድሜ የቶዮታውን ነገር ትቶ «ለምን የኤሌክትሪክ ሞተር አንሞክርም?» ማለት ጀምሯል። ያን ጊዜ ጋደል ያለው የፔጆ ሞተር በደንባችን መሠረት ግሪስ ተቀብቶ በሣጥን ይቀመጣል። መኪናይቱ ያን ጊዜ ያችው መኪና ትሆናለች ወይ? እኔ እርግጠኛ አይደለሁም። ጥያቄውን ግን ዛሬ የምጠይቀው ከወንድሜ ጋር ተቀምጬ ነው።

ከአባቶቻችን የተቀበልነው መኪና ብቻ አይደለም። ቤትም፣ ልማድም፣ መሥሪያ ቤትም፣ የአጻጻፍ ደንብም አለ። እኛ የተማርን ወጣቶች በዚህ ላይ ሁለት ወገን ሆነን እንጮኻለን፤ አንዱ ሁሉም ይቈረጥ ይላል፤ ሌላው ምንም አይነካ ይላል። ከሁለቱም በፊት መቅደም የሚገባው ግን አንድ ትንሽ ጥያቄ ነው፤ ይህን ያስገባው ማን ነው? ለማንስ ብሎ አስገባው? መልሱን የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው የሚያዩን ሰዎች ናቸው። እነርሱም ዘላለም አይጠብቁንም።

ሊብሬው ከትምህርት ቤቱ ቁም ሣጥን ወጥቶ አሁን ወደ እናታችን ሣጥን ተመልሶአል። የት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።